ሮቢ በሞላ ቀን የጠፋው ካሜራ

ካሜራው ጠፋ የተባለው ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

በእትዬ ሐረገወይን ምግብ ቤት ደጃፍ አራት በቅሎዎች ታስረው ቆመዋል። ከአንደኛዋ ኮርቻ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው የቆዳ ከረጢት ግን የለም። ሲኞራ ክላራ የተባለችው መንገደኛ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ትጮኻለች፤ አብረዋት ምሳ ሲበሉ የነበሩት ጣሊያኖች አፋቸውን እየጠረጉ ወጥተው ከበዋታል። የበቅሎዎቹ ባለቤት አሊዪ፣ የውዱእ ትጥበቱ ውሃ ከክንዱ ላይ ገና ሳይደርቅ ከወንዙ በኩል ብቅ ሲል፣ ሁለት ወታደሮች ግራና ቀኝ አፈፍ አደረጉት። ምን እንዳጠፋ የነገረው ሰው አልነበረም።

ቡሉክባሽ ወልደማርያም እያለከለከ ሲደርስ አሊዪ የፊጥኝ ታስሮ ነበር።

ወልደማርያም ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ የአራዳ ዘበኛ ነበር፤ ሌባ በማሳደድ ያረጀ ሰው ነው። ጣሊያን ሲገባ መንግሥቱም ሄደ፣ ደመወዙም ሄደ፤ ሆዱ ግን የትም አልሄደም። ስለዚህ የጣሊያንን መለዮ አጠለቀና ሸዋ ሮቢት ላይ የፖሊስ አለቃ ሆነ። ሰው ፊት ለፊት «ቡሉክባሽ» ይለዋል፤ ዘወር ሲል ምን እንደሚለው እሱም ያውቀዋል፣ ባሰበውም ቁጥር ውስጡ ያርራል። የቆላውን ሙቀት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አልለመደውም። ሐምሌን እንኳ በላብ ይገፋዋል።

ተነንቴው፣ ማለት ጣሊያናዊው የከተማው አዛዥ፣ ሰዓቱን እያየ ጠበቀው።

«ወንዙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጎድላል ብለውኛል። መኪናዎቹ ያን ጊዜ ይነሳሉ። ካሜራው ከነፎቶው ደህና ሆኖ ካልተመለሰ ይህ ሌባ አብሮ ይጫናል። በቅሎዎቹም ይወረሳሉ።»

«ሌባነቱ ተረጋገጠ?» አለ ወልደማርያም በተሰባበረች ጣሊያንኛው።

«በቅሎዎቹን የሚጠብቀው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«እንግዲያው!»

በዚያ ዘመን ታስሮ ወደ አዲስ አበባ የተጫነ ሰው ተመልሶ ሮቢትን አያይም ነበር። አሊዪም ያውቃል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ሚስቱ ዙሀራ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ከአጥሩ ጥግ ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያኖቹ በመርከብ ምጽዋ የወረዱ መንገደኞች ናቸው። በሁለት ትልልቅ መኪና ተጭነው በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ረቡዕ ማታ ጀውሃን እንደተሻገሩ ወንዙ ከኋላቸው ሞላ። ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ የሮቢ ወንዝ ከፊታቸው ሞልቶ ጠበቃቸው። በምሥራቅ ረግረግ ነው። በምዕራብ ገደሉ ቆሟል፤ ያን ገደል የሚወጡት ደግሞ ዝንጀሮና አርበኛ ብቻ ናቸው። ከተማዋ ለአንድ ቀን ደሴት ሆነች። «ከባሕር ወጣን ስንል ተመልሰን ባሕር ውስጥ ገባን!» ብለው ሳቁ መንገደኞቹ፤ መቼም የሰው አገር ወንዝ ያስቃል። ከዚያም ከተማውን የሚያዞራቸው ሰው ፈለጉ።

አሊዪ አራት በቅሎና አንድ ግመል አለው። ከጠዋት ጀምሮ በየተራ እያወጣ አዞራቸው፤ መስጊዱን፣ የብርቱካኑን ተክል፣ ጦጣዎቹ የሚጫወቱበትን የወንዝ ዳር፣ መጨረሻ ላይ ገበያውን። ከዚያ ሐረገወይን ቤት ለምሳ አወረዳቸው። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ እንኳ አይገኝም ብሎ ደስ ብሎት ነበር የዋለው።

ወልደማርያም እስረኛውን ወደ ዛፍ ጥላ ወሰደው።

«የት ነበርክ?»

«በቅሎዎቹን አስሬ ዙህር ልሰግድ ወንዝ ወረድኩ።»

«ማን አየህ?»

«አላህ።»

«ሌላስ?»

«አላህ ካየኝ ሌላው ምን ያደርግልኛል?»

«አንተ ሰው፣ ለተነንቴው አላህን በምስክርነት ልጥራለት? ሰው አምጣልኝ እንጂ!»

«ሰው የለም፣ ጋሼ። ብቻዬን ነበርኩ» አለ አሊዪ። «የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም። አንቱ ያውቁኛል።»

ወልደማርያም ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት አንድ ወታደር ሰክሮ የጣለውን ጠመንጃ ከቦይ አውጥቶ ያመጣ ሰው ነው። ተነንቴውን ግን እንዲህ ያለው ወሬ አያሳምነውም። ስለዚህ ሲኞራ ክላራን ጠየቃት።

ሲኞራዋ የምታነሳው ፎቶ ሮማ ለሚታተም ጋዜጣ ነው። አስቀድሞ ደግሞ አዲስ አበባ ባለው መሥሪያ ቤት ታጥቦ፣ ሹማምንቱ አንድ በአንድ ያዩታል። ዛሬ ምን ምን እንዳነሳች በጣቷ ቆጠረችለት፤ መስጊዱን፣ ሙዟን ከእጇ ነጥቃ ዛፍ ላይ የወጣችውን ጦጣ፣ ብርቱካን ሻጯን ሴት ከአንድ ጎፈሬያም ሰው ጋር፣ ከግመል ላይ ወድቆ ጭቃ ለጭቃ የተንከባለለውን ሲኞር ፓውሎን...

«ማንን አሉኝ?»

«ፓውሎን፤ ሽቶ ነጋዴውን» አለችና እንባዋ መሀል ሳቀች። «ተናደደ። ይህን ካሜራ ወንዝ ባልጥለው ሰው አይደለሁም ብሎ ማለ።»

ወልደማርያም ጆሮው ቆመ። ሮቢት ላይ ካሜራ የሰረቀ ሰው ምን ያደርገዋል? አይበላ፣ አይለበስ፣ አይታረስበት። የሚገዛም የለም። የወሰደው ሰው የፈለገው ዕቃውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ነው። ይህን ከራሱ ጋር ሲጨርስ በልቡ ለሽቶ ነጋዴው ገመድ ያዘጋጅ ጀመር። የተነንቴውን ወገን በሌብነት ይዞ ማቆም ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ለማንም አልተናገረም።

ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ደጁ ላይ የታዩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ አሊዪ ነው። ሁለተኛዋ ከደጁ ፊት ለፊት ብርቱካን የምትሸጠው ሰይዳ ናት። ሦስተኛው ሲኞር ፓውሎ ነው፤ ወደ ምሳው ዘግይቶ የመጣው እሱ ብቻ ነበር። ተነንቴው ሁለቱን ተራ በተራ ጠየቀ፣ ወልደማርያም አስተረጎመ።

«አንቺ ስድስት ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

ሰይዳ መሬት መሬቱን አየች። ሐረገወይን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቀድማ መለሰችላት።

«ከእኔ ጋር ነበረች ጌታዬ፤ ጓዳ ቁጭ ብላ ምሳ ትበላ ነበር። ብርቱካኗን እዚያው ትታ።»

«ምን በላች?» አለ ተነንቴው። የሐረገወይንን ወጥ ስለሚወድ እንዲሁ ለጨዋታ ነው የጠየቀው።

ሐረገወይን አጠገቧ ያለውን ድስት አየች። «ከዶሮው ነዋ! አንድ መላላጫ አውጥቼላት።»

ወልደማርያም ዓይኑ ሽቶ ነጋዴው ጫማ ላይ ነበር። አስተርጓሚነት ክፉ ልማድ ነው፤ ነገሩ በጆሮ ገብቶ በምላስ ይወጣል፣ ልብ ዘንድ አይደርስም። እንዳለችው ተረጎመው። ተነንቴውም «የታደለች ሴት» አለና አሰናበታት።

«እርስዎስ ሲኞር?»

ሽቶ ነጋዴው ቀላ። «ስንሸራሸር ነበር» አለ።

«የት?»

«እንዲሁ... ወዲያ።»

ወልደማርያም ደስ አለው። ሱሪው ሌላ ነው፤ ጠዋት ነጭ ነበር፣ አሁን ቡኒ ሆኗል። ጫማው ላይ ትኩስ የወንዝ ጭቃ አለ። ሮጦ፣ እንደ እሱ ክብደት ከተቆጠረ በእውነት ሮጦ፣ ወንዝ ወረደ። እዚያ ሦስት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ።

«እህቶቼ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ፈረንጅ እዚህ አላያችሁም?»

ሦስቱም እርስ በርስ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የቱ ፈረንጅ? ሱሪ የለበሰው ወይስ ያልለበሰው?» አለች አንደኛዋ።

ሲኞር ፓውሎ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ በውስጥ ሱሪ ተቀምጦ ጭቃ የነካውን ነጭ ሱሪውን ሲፈትግ ነው ያሳለፈው። ማጠቡን ስላላወቀበት በመጨረሻ አዝነው ያጠቡለት እነሱ ናቸው። ሱሪውም ይኸው፣ ቁጥቋጦው ላይ ተሰጥቷል። ከመኪናው ጓዙ ውስጥ ቡኒውን አውጥቶ ለብሶ ወደ ምሳው የሄደው ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው።

ወልደማርያም ዳገቱን ሲመለስ እግሩ ከበደው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ውሃውም እየጎደለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። አሊዪን የሚጭኑት ወታደሮች የእሱ ናቸው፤ ስሙን በመዝገብ የሚያሰፍረውም እሱ ራሱ ነው።

እስር ቤት ተብሎ የሚጠራው ጭቃ ቤት ውስጥ አሊዪ እጁን ለምግብ ተፈትቶለት ቁጭ ብሏል። ከፊቱ ምስር ወጥ በእንጀራ ቀርቦለታል። አልነካውም።

«ከየት መጣ?»

«እትዬ ሐረገወይን ላከችልኝ። አላህ ይስጣት።»

ወልደማርያም ነገሩ ቢጨንቀው ነገር ለመለወጥ ያህል፣ «ያን ሁሉ ዶሮ ሠርታ ለአንተ ምስር?» አለ።

አሊዪ በዚያ ሁሉ ጭንቀቱ መሀል ተገርሞ ቀና አለ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ዶሮውን ያረደው ጎረቤቷ ታከለ አይደል? የክርስቲያን እርድ እኔ እበላለሁ?»

ወልደማርያም ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወደ ሐረገወይን ወጥ ቤት ገሰገሰ።

ሐረገወይን ድስት ታጥባለች። ወልደማርያም በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ በርጩማው ጮኸ።

«እትዬ ሐረገወይን፣ ከሰይዳ ጋር ስንት ዓመት ጎረቤት ናችሁ?»

«አሥራ አራት ዓመት። ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት።»

«በአሥራ አራት ዓመት ስንት ጊዜ ሥጋሽን በላች?»

የሐረገወይን እጅ ድስቱ ውስጥ ቆመ።

«ለእሷ ብለሽ የማይነካ ሰሃን ለብቻ ታስቀምጫለሽ። ለአሊዪ እንኳ በዚህ ሁሉ ወከባ ምስር ላክሽ። ሰይዳ ዛሬ ከየት መጥታ ነው ታከለ ያረደውን መላላጫ የምትግጠው?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ሐረገወይን ቀስ ብላ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ድስቱ ከፊቴ ነበር። አፌ አመጣው። ሰውየው ጣሊያን ነው ብዬ... አንተን ረሳሁህ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የት አለች?»

ሰይዳ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እኔ ነኝ» አለች። «እሷን ተዋት፤ ምንም አላደረገችም። አሊዪ ከታሰረ ጀምሮ ሄጄ እጄን ልስጥ ስል የያዘችኝ እሷ ናት። እኔ ሰው ይጠየቅበታል ብዬ መች አሰብኩ? በቅሎዋ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት፣ አሊዪ የለም፣ ወሰድኩት። ይኸው ነው።»

«ጎፈሬያሙ ሰው ማነው?»

ሰይዳ ወደ በሩ አየች።

«ሰይዳ፣ ከአሊዪ ራስ ላይ ገመድ ላወርድ ነው የመጣሁት። ማነው?»

«ባሌ ነው። አብዱረሂም።»

ወልደማርያም ላቡን ጠረገ። አብዱረሂም ዱር ከገባ ዓመት አልፎታል። ስሙ በተነንቴው ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ለሚያስይዘውም ጉርሻ ተቆርጧል፤ መልኩን የሚያውቅ ግን ከመሥሪያ ቤቱ አንድም የለም። ጨው ፍለጋ ገበያ ወርዶ ሚስቱን ሊያያት ቆም ባለበት ቅጽበት ነው ሲኞራዋ ያነሳችው።

«እጁን ወደ ፊቱ አነሳ፣ ግን ቀደመችው» አለች ሰይዳ። «ከዚያ ከረጢቱን መታ መታ አድርጋ ፊታችሁ እዚህ ውስጥ ነው ብላ በምልክት አሳየችኝ፤ ደስ ብሏት! እሱ በገደሉ በኩል ወጥቷል። ፊቱ ግን ከእነሱ ጋር አዲስ አበባ ሊገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ አይቶ የሚለየው ባንዳ አይጠፋም። ሲመሽ ወንዝ ልጥለው ነበር።»

«ብትጥይው አሊዪ ይጫናል።»

«አሁን አውቄያለሁ» አለችና ፊቷን ሸፈነች።

ሐረገወይን ሄደች፤ አፉ ወደ ታች ከተደፋ ባዶ የጠጅ ጋን ሥር የቆዳውን ከረጢት አወጣች። ወታደሮቹ የእስላሞቹን ቤት ሁሉ ሲበረብሩ ውለዋል፤ ተነንቴው ምሳውን የበላበትን ቤት ግን ማንም አልነካውም።

ወልደማርያም ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆየ። እንዳለ ቢመልሰው አሊዪ ይድናል፣ አብዱረሂም ይያዛል፣ እሱም ይሾማል። አበላሽቶ ቢመልሰው አብዱረሂም ይድናል፣ አሊዪ ይጫናል። ከነፎቶው፣ ደህና ሆኖ፣ ብሏል ተነንቴው። የአራዳ ዘበኛ ሳለ አንድ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ደጅ ላይ ሦስት ዓመት ቆሟል። ሰውየው የጨለማ ክፍሉን በር ማንም እንዳይከፍት ሲለፈልፍ ይሰማ ነበር፤ ብርሃን ከነካው ሁሉም ነገር ያልቃል ይል ነበር። ወልደማርያም ይህን ሲያስታውስ ፈገግ አለ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል በራሱ ሥራ ከተደሰተ።

«ሁለታችሁም ዛሬ እኔን አላያችሁኝም» ብሎ ተነሳ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከተማው በሙሉ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ተሰብስቧል። ዙሀራ ለመንገዱ የባሏን ጋቢ ይዛ መጥታለች። መኪናዎቹ ሞተራቸውን አስነስተዋል። ወልደማርያም ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ።

ሲኞራዋ እልል ማለት ቀራት። ተነንቴው ካሜራውን ተቀበለ፣ አገላበጠ፣ ደህና ነው።

«የት ተገኘ?»

«ጦጣ ናት ጌታዬ፤ ጠዋት የሲኞራዋን ሙዝ የነጠቀችው ዓይነት። ዛፍ ላይ ሰቅላው አገኘሁት።»

ሲኞራዋ በሳቅ ፈነዳች፣ መንገደኞቹም አጨበጨቡ። ተነንቴው ከንፈሩን ነከሰ፤ ግን ምን ያድርግ? «ይፈታ» አለ። «ለሕዝቡም በቋንቋቸው ንገራቸው። መንግሥት ያለ ጥፋት ሰው እንደማይቀጣ ይወቁ።»

ወልደማርያም ወደ ሕዝቡ ዞረ። ዓይኑ ሰይዳ ላይ ሲያርፍ ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

«ስሙ! አሊዪ ነጻ ነው። ካሜራውን የወሰደችው ጦጣ ናት። ወንዙ ዳር ካለው ቁልቋል ላይ ወጥታ ሰቅላው ተገኝቷል!»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ተሰማው። ቁልቋል! እሾሁ እጅ የሚበሳ፣ ወተቱ ዓይን የሚያጠፋ ቁልቋል! የይፋት ሕፃን እንኳ ጦጣ ቁልቋል ላይ እንደማትወጣ ያውቃል። ሐረገወይንን በመላላጫ የያዘ ሰው እነሆ በቁልቋል ተያዘ።

ሁለት መቶ ሰው ዝም ብሎ አየው። አንድ ሰው ቢስቅ ሁሉም ነገር አለቀ። ተነንቴው ግንባሩን ቋጠረ፤ «ምን ሆኑ?» አለ።

ሽማግሌው ሐጂ ኢብራሂም በምርኩዛቸው መሬቱን መቱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እውነት ነው» አሉ ኮስተር ብለው። «ስወርድ አይቻታለሁ፣ ወላሂ። እንዲያውም ሁለት ነበሩ።»

«እኔም አይቻለሁ!» አለ ታከለ ከኋላ። ከዚያ ሁሉም አየሁ፣ አየሁ ማለት ጀመረ። አንዱም ፈገግ አላለም። ወልደማርያም ይህን ቃል በቃል ለተነንቴው አስተረጎመ።

የአሊዪ ገመድ ተፈታ። ያን ጊዜ ወልደማርያም ካሜራውን ለሲኞራዋ ሊያቀብል ከተነንቴው ተቀበለ።

«ውሃ ገብቶበት እንዳይሆን» አለና በዚያ ሁሉ ፀሐይ ፊት ክዳኑን ወለል አድርጎ ከፈተው። የፊልሙን ጫፍ ይዞ እስከ መጨረሻው ጎተተው። «የለም፣ ደረቅ ነው» አለ በኩራት።

የሲኞራዋ ጩኸት ከምሳ ሰዓቱ በለጠ። ተነንቴው ዘሎ መጣና ከክንዱ ላይ የማዕረጉን ምልክት ቦጭቆ መሬት ላይ ወረወረው፤ እንስሳ፣ ደንቆሮ፣ የጫካ ሰው አለው። ወልደማርያም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደ ደንቆሮ አፉን ከፍቶ ሁሉንም ተቀበለ። እንደዚያ ቀን ሰድበውት ደስ ብሎት አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዎቹ ሮቢን ተሻገሩ። ሕዝቡ ወደየቤቱ ሄደ። ወልደማርያም መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ሲያደርቅ አሊዪ በቅሎዎቹን እየነዳ መጣና አጠገቡ ቆመ።

«ጋሼ ወልደማርያም።»

«እህ።»

«ጦጣ ቁልቋል ላይ አትወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ግራር ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ቸኮልኩ።»

አሊዪ ማን ወሰደው፣ ለምን ወሰደው ብሎ አልጠየቀም። ክንዱ ላይ የገመዱን ሰንበር አሻሸ። «ሐጂ ሁለት ናቸው ባይሉ ኖሮ እኔ ሦስት ልል ነበር» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ወረደ። ከዚያ የትልቋን በቅሎ ልጓም ያዘና እርካቡን አዞረለት።

«ይውጡ፣ ቤትዎ ድረስ ላድርስዎት።»

ወልደማርያም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ከተማ በእግሩ ሲኳትን፣ ከዚያች ቀን በፊት ይውጡ ያለው ሰው አልነበረም። አንዴ ሞከረ፣ አልቻለም፤ በሁለተኛው አሊዪ በትከሻው ደገፈውና ወጣ።